ቅኝ ባልተገዛ አገር የድኅረ ቅኝ ግዛት ሥነ ጽሑፍ ማጥናት፦ ልግፋበት ወይስ ልተወው?

የሆጤዋ

ሰላም ቤተሰብ። ደሴ ነኝ፣ በሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የማስገቢያ ጊዜ ደርሶብኛል። መሥራት የምፈልገው በቅኝ ግዛት ሥር በነበሩ አገሮች ሥነ ጽሑፍ ላይ ነው፤ አገራቸው ተቀምጠው የጻፉትም፣ ተሰደው ለንደንና አሜሪካ ሆነው የጻፉትም። ናይጄሪያዊውን አቼቤን አንብቤ ወደ ኬንያዊው ንጉጊ ሄድኩ፣ ከንጉጊ ወደ ዛንዚባሩ ጉርናህ፣ ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

ግን ርዕሱን ባነሳሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው። "እኛ ቅኝ አልተገዛን፣ ምን አገባሽ?" ይሉኛል። "ፍቅር እስከ መቃብር ላይ ሥሪና ተገላገይ" የሚለኝም አለ። ፍቅር እስከ መቃብርን እወደዋለሁ፣ ግን ስንት ሰው ሠርቶበታል። የናይጄሪያና የዛንዚባር ሰው የጻፈው ለምን እንዲህ እንደያዘኝ ላስረዳ ስል ቃል ያጥረኛል። መልስ ግን የለውም ብዬ አላምንም።

ሌላው ቲዎሪው ነው። መጀመሪያ ንድፈ ሐሳቡን ጨርሺ ተባልኩና ከድኅረ ቅኝ ግዛት ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊዎች አንዱን፣ ሆሚ ባባን ያዝኩ። አንዱን አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤ ለጓደኛዬ ምን እንደሚል ልነግራት አልቻልኩም። ልቦለዶቹን በእንግሊዝኛ እያነበብኩ ነው፣ ስለዚህ የቋንቋ ችግር ብቻ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ የሚገባው በዚህ በር ነው? ደግሞ "ኢትዮጵያን የግድ ማስገባት አለብሽ" ተብያለሁ። እንዴት አድርጌ? እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ።

ቦርከና ማዶ

አብሽሪ እህቴ። እንዳትተዪው።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ሥነ ጽሑፍ አልተማርኩም፣ ግን ከሥራ ስገባ አነባለሁ። "ቅኝ አልተገዛንም" የሚለው እውነት ነው፣ በእሱ የማይኮራ የለም። ላለማንበብ ምክንያት ሲሆን ግን ያናድደኛል። ሩስያም አልገዛችን፤ የሩስያ ልቦለድ በአማርኛ ተተርጉሞ ስናነብ ማን ምን አለን? የሰው ሕይወት ለማንበብ የግድ እኛ ላይ መድረስ አለበት እንዴ?

ደግሞስ ደሴ ላይ አልደረሰም ያለው ማነው? ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ከተማዋን ሲደበድብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። ሚያዝያ ላይ ደሴ ተያዘች፣ እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ቆየች። አምስት ዓመት ትንሽ ነው ይባላል። ለታሰረውና ለተሰቀለው ሰው ግን ትንሽ አልነበረም። ከአሰብ ተነስቶ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚገባውን መንገድ ያሠራው ጣሊያን ነው፤ ዛሬም ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ከሚሌ ወዲህ በዚያው መስመር ነው የሚደርሰን። በየቀኑ የምናየው ነገር ነው።

የአቼቤን ልቦለድ ቲንግስ ፎል አፓርትን ያነበበ ሰው መጨረሻውን አይረሳም። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎን ሙሉ መጽሐፍ ስናውቀው ኖረናል፤ ሲታገል፣ ሲቆጣ፣ ልጁን ሲወድና ሲደብቅ አይተናል። በመጨረሻ ራሱን ሰቅሎ ይገኛል። የእንግሊዙ ሹም ይመጣል፣ ያያል፣ ይሄዳል። እየሄደ ስለሚጽፈው መጽሐፍ ያስባል። የዚህ ሰው ታሪክ አንድ ምዕራፍ ይወጣው ይሆናል ይላል፤ ከዚያ ኧረ ምዕራፍ እንኳ አይሆንም፣ አንድ ደህና አንቀጽ ይበቃዋል ይላል። የመጽሐፉን ርዕስ ሳይቀር መርጦ ጨርሷል፤ የታችኛው ኒጀር ኋላ ቀር ጎሳዎችን ጸጥ ስለማሰኘት የሚል ነው። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ስለ ናይጄሪያ ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። ጣሊያኖቹ በጻፉት ማስታወሻ ውስጥ የወሎ ገበሬ ስንት መስመር ደርሶት ይሆን? ለሚጠይቁሽ ሰዎች ይቺን አንብቢላቸው።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ርዕስሽ ጥሩ ነው፤ ያዢው። ቦርከና ማዶ ያለው ስለ ደሴም ስለ አቼቤም ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ፈታኞችሽም የሚይዙሽ በእሱ ስለሆነ። በጦርነት ተይዞ አምስት ዓመት የተዋጋ አገርና ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመሬት ሥሪቱ፣ ልጅ የሚቀጣበት ቋንቋ ሳይቀር ለትውልዶች በሌላ ሰው እጅ የተሠራ አገር አንድ አይደሉም። ኬንያዊው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተገኘ ይገረፍ ነበር፤ ንጉጊ በራሱ ዘመን ያየውን ጽፎታል። ኢትዮጵያን በግድ እዚያ ውስጥ አትክተቻት። "ኢትዮጵያን አስገቢ" ሲሉሽ ልዩነቷን አሳይቶ ማስገባትም ማስገባት ነው።

ስለ ቲዎሪው። በባባ መጀመር አያስፈልግም፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ በዚያ በር ሊገባ ሲል ተመልሷል። ልቦለዱ ይቅደም፣ አንቺ ደግሞ እሱን ጀምረሻል። ቀጥለሽ አቼቤ በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ኮንራድ ልቦለድ፣ ስለ ሀርት ኦቭ ዳርክነስ ያደረገውን ንግግር አንብቢ። አጭር ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። አንድ አውሮፓዊ አእምሮው ሲናጋ ለማሳየት አፍሪካ ሙሉዋን መጋረጃ ተደረገች፣ ሰዎቿም አፍ የሌላቸው ሆኑ ነው የሚለው። የተቃወሙት ብዙ ናቸው። የእነሱንም አንብቢ፣ ክርክሩ ራሱ ትምህርት ነው። ከዚያ የማርቲኒኩ ኤሜ ሴዜር በ1950 ስለ ቅኝ ገዢነት ያወጣው ድርሰት አለ፤ ቁጣው ከገጹ ይወጣል።

ከዚያ ፋኖን። ፋኖንን ሁሉም የሚጠቅሰው ስለ አመፅ በጻፈው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። አንቺ ወደ መጨረሻው ሂጂ። ሰውዬው የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ አልጄሪያ ብሊዳ ሆስፒታል ሠርቷል። በ1961 በወጣው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የታካሚዎቹን ታሪክ ጽፏል። አንዱ ታካሚ አልጄሪያውያንን ሲያሠቃይ የሚውል አውሮፓዊ ፖሊስ ነው። ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን መደብደብ ጀመረ፣ ሕፃን ልጁን ሳይቀር። ሐኪም ዘንድ የመጣው ሥራውን ሊተው ፈልጎ እንዳይመስልሽ፤ ሕሊናው ሳይረበሽ ማሠቃየቱን እንዲቀጥል እርዱኝ ብሎ ነው። ቅኝ ግዛት በገዢው ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እዚያች ገጽ ላይ ታያለሽ፤ እሷን ያነበበ ተማሪ ስለ ገዢና ተገዢ የሚጻፈውን ረቂቅ ነገር መያዣ አያጣም። የኤድዋርድ ሰኢድን ኦሪየንታሊዝም (1978) ከዚያ በኋላ፣ ሌላዋን የንድፈ ሐሳብ ጸሐፊ ስፒቫክን ቀጥሎ፣ ባባን በመጨረሻ። ያኔ ባባም ራሱ ይፈታልሻል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ፣ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። አስካሪውን አስቢው፤ ለቅኝ ገዢው ጦር የሚዋጋውን የአገሬውን ተወላጅ ወታደር ማለቴ ነው። ገብረየሱስ ኃይሉ የሚባሉ ኤርትራዊ ካህን ሮም ተማሪ ሳሉ በ1927 እ.ኤ.አ. በትግርኛ አንድ አጭር ልቦለድ ጻፉ። የታተመው በ1950 ነው። እንግሊዝኛው በ2012 ዘ ኮንስክሪፕት በሚል ወጥቷል። ቱኳቦ የሚባል ወጣት ለጣሊያን አስካሪ ሆኖ ሊቢያ ይዘምታል። የሚዋጋው አገራቸውን ከሚከላከሉ ዓረቦች ጋር ነው። በረሃው ውስጥ በውሃ ጥም ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። እሱም ለማን ብዬ ነው የመጣሁት ማለት ይጀምራል። አገሩ ሲመለስ እናቱ ሞታለች። አቼቤ ቲንግስ ፎል አፓርትን ከማሳተሙ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ እዚሁ ጎረቤታችን፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኖ ይህን ሳይሰማ የሚመረቅ መብዛቱ ያሳዝነኛል።

ጉርናህ ደግሞ አፍተርላይቭስ (2020) ላይ ሐምዛን ለጀርመን አስካሪ አድርጎ ታንጋኒካ ውስጥ ያዘምተዋል። መዓዛ መንግሥቴ ዘ ሻዶው ኪንግ (2019) ላይ በ1928 ዓ.ም. ወረራ ከኢጣሊያኖቹ ጎን አስካሪዎቹን አስቀምጣለች። ሦስት መጽሐፍ፣ አንድ ጥያቄ፦ በሌላ ሰው ጦርነት የራሱን ጎረቤት የሚወጋ ወታደር እንዴት ይጻፋል? ደሴን ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የያዘው ጦር ውስጥ የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩበት። ከወሎም ለጣሊያን ያደረ ነበር፣ ከወሎም ዱር የገባ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ በኩል ሳትጎተት ትገባለች። ፍቅር እስከ መቃብርን ለሚሉሽም፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ዘምተው ተማርከው ጣሊያን አገር እስረኛ ነበሩ፤ ትዝታ የሚለው መጽሐፋቸው ላይ ጽፈውታል። እሱንም ከጎን አስቀምጪው።

የባቲ መንገድ

ጋሼ የአስካሪው ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው። ግን ሁላችሁም ቋንቋውን አለፋችሁት፣ እኔ ደግሞ የዚህ ጥናት ልቡ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ንጉጊ በእንግሊዝኛ ታዋቂ ሆኖ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ከካሚሪዙ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በጊኩዩ ቋንቋ ተውኔት ሠራ። ሰዉ ራሱን መድረክ ላይ አየ። መንግሥት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዘጋው፣ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ንጉጊን አሰረው። ያሰረው እንግሊዝ አይደለም፤ ነፃ የወጣችው ኬንያ ናት። እስር ቤት ውስጥ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልቦለድ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ልቦለዶቹን በዚያው ቋንቋ ነው የጻፈው። በ2025 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስም ሐሳቡን አልቀየረም።

እዚህ አገር ይህን ሲሰሙ "እኛማ ገላግለነዋል" ይላሉ። አማርኛ ልቦለድ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ አለን፣ በእንግሊዝኛ መጻፍ አላስፈለገንም። እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። ግን ግማሹ ነው። እኔ ያደግኩት ባቲ ነው። ሰኞ ገበያችን ላይ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ትከሻ ለትከሻ ይሰማሉ። በእናቴ ጊዜ ትምህርት ቤት ግን በአማርኛ ብቻ ነበር፤ እናቴ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ የምታውቀውን ተረት ሁሉ ደጅ ትታው ነበር የምትገባው። ይህ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጋር አንድ ነው አላልኩም። ጋሼ እንዳሉት ልዩነት ይጠበቅ። ነገር ግን ንጉጊን አንብቦ የኬንያን ብቻ እያየ የራሱን ቤት የማያይ ተማሪ፣ ንጉጊን አላነበበውም።

አንድ ተጨማሪ። የወሎ ዑለሞች በአማርኛ መንዙማ ሲጽፉ በዓረብኛ ፊደል ነበር የሚጽፉት፤ አጀም ይሉታል። ስንቱ ሰው መንዙማውን በቃሉ ያውቀዋል፣ በመውሊድ ይሰማዋል፣ ያለቅስበታል። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንማር ግን የት አለ? ንጉጊ በ1968 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ጥያቄ ይኸው ነበር። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ይፍረስ፣ መሀሉ ላይ የእኛው ይቀመጥ፣ የቃል ሥነ ጽሑፉም ከነክብሩ ይግባ ነበር ያሉት። ያንን ወረቀት አንብቢና ጦሳ ተራራ ሥር ቁጭ ብለሽ መሀላችን ላይ ምን እንዳለ ጠይቂ።

ወሎዬ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ስለ ስደተኞቹም ጠይቀሻል፣ ማንም ስላልነካው እኔ ልበል። ደሴ ተወልጄ አድጌ ነው የወጣሁት።

የዲናው መንግሥቱን የመጀመሪያ ልቦለድ (2007 እ.ኤ.አ.) ካላነበብሽ አንብቢ። ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል የሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው፤ አባቱ በቀይ ሽብር ጊዜ ከተገደለበት በኋላ የተሰደደ። ሁለት ጓደኞች አሉት፣ አንዱ ኬንያዊ፣ አንዱ ኮንጎዋዊ። ማታ ሱቁ ውስጥ ይጠጣሉ፣ ግድግዳው ላይ የአፍሪካ ካርታ አለ። ጨዋታቸው ምን መሰለሽ፣ አንዱ የአንድ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና መፈንቅለ መንግሥት ያደረገበትን ዓመት መናገር አለባቸው። ስሙ አያልቅም። ሲጫወቱ ይስቃሉ፣ እኔ ግን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው፣ እዚህ የማውቃቸው ሰዎች ቡና ላይ የሚያወሩት ቁርጥ ይኸው ስለሆነ። ኮንጎዋዊው ቤልጂየም ካበላሸችው አገር መጣ፣ ኬንያዊው ከእንግሊዝ፣ የእኛው ደግሞ ቅኝ ካልተገዛ አገር። የመጡበት መንገድ ይለያያል፣ የገቡበት ሱቅ አንድ ነው። "ምን አገባሽ" ላለሽ ሰው መልሱ እዚያ ካርታ ሥር አለ።

ዲያስፖራ የሚለውን ግን አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተቺው። የደራሲው ናይፖል አያቶች ከህንድ ትሪኒዳድ የመጡት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት ነው። የገጣሚው ዋልኮት አገር፣ የሴንት ሉሲያ ሰዎች ቅድመ አያቶች በሰንሰለት ነው የመጡት። ገጣሚው ሌም ሲሳይ ደግሞ ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ ተወልዶ፣ በሌላ ስም በአሳዳጊዎችና በሕፃናት ማሳደጊያ አድጎ፣ እውነተኛ ስሙን ያወቀው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው ነው። እነዚህን ሁሉ "ናፍቆት" በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ያለፈ ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁ። አገሩን ትቶ የወጣና አገሩን ጨርሶ ያላየ ሰው እንዴት አንድ ዓይነት ይናፍቃል?

መጽሐፍ በተመለከተ፣ ታናሽ እህቴ ክረምት ላይ ደሴ ትመጣለች። ዘ ኮንስክሪፕትንና አፍተርላይቭስን አስይዣት እልክልሻለሁ። በውስጥ ጻፊልኝ።

የሆጤዋ

አላህ ይስጣችሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ሁሉንም ማስታወሻዬ ላይ ገልብጫለሁ።

የአስካሪውን ሐሳብ እይዘዋለሁ። የባቲ መንገድ ያልከውም ገብቶኛል፤ የራሱ ምዕራፍ ባይሆንም የቋንቋው ጥያቄ እንዳይቀር አደርጋለሁ፣ አንዱ መጽሐፍ ትግርኛ መሆኑ ራሱ በሩን ይከፍትልኛል። ጋሼ፣ አንድ የምፈራው ነገር አለ። ትግርኛውን ማንበብ አልችልም። በእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ተመሥርቼ ብሠራ ተቀባይነት አለው? ሁለቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው።

ጡረተኛው መምህር

አለው ልጄ። ግን ፕሮፖዛልሽ ላይ በግልጽ ጻፊው፣ በትርጉም እንደምትሠሪና ለምን እንደሆነ። ስለ አጻጻፍ ስልቱ፣ ስለ ቃላት አመራረጡ ትልቅ ድምዳሜ አትስጪ፤ ስለ ታሪኩ አወቃቀር፣ ስለ ገጸ ባሕርዩ፣ ማን እንደሚተርክና አስካሪው ሐሳቡን ለማን እንደሚናገር ግን በልበ ሙሉነት መጻፍ ትችያለሽ። ቁልፍ የሆኑትን ቦታዎች፣ በተለይ የበረሃውንና የእናቱን ሐዘን፣ ትግርኛ የሚያውቅ ሰው ከዋናው ጋር እያስተያየ ያንብብልሽ። ደሴ ውስጥ ትግርኛ የሚያነብ ሰው አታጪም።

ሌላ ምክር፣ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አትጀምሪ። ገብረየሱስን ቀድመሽ ጨርሺ፣ አጭር ስለሆነ። ከዚያ ጉርናህ። መዓዛን መጨረሻ ላይ አድርጊያት፣ አስካሪው እዚያ ከብዙ ሰዎች አንዱ ስለሆነ ፈልጎ ማውጣት ይጠይቃል። ዋናዋ ሒሩት የምትባል ሠራተኛ ልጅ ናት፤ እሷ አስካሪዎቹን በምን ዓይን እንደምታያቸው ምልክት እያደረግሽ አንብቢ።

ቦርከና ማዶ

እኔም ላግዝ። በሰፈራችን አባታቸው አርበኛ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ስለ አስካሪዎቹ ከአባታቸው የሰሙትን ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ጠላት ብቻ አድርገው አያወሩም። ፈቃዳቸውን ልጠይቅልሽ፣ እሺ ካሉ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ውረጂ። ድምፅ መቅጃ ያዢ፣ ቡናው ከኛ ቤት ነው።